ከቆጠራ የወጣችው ምህረቴ

ቆሰበር፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፀጋው ትዕዛዙ፣

የላይኛው ጌታ በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይህ። እኔ አክስትህ ዘውድነሽ በሕይወት አለሁ፤ ጉልበቴን ብርድ ይዞኛል እንጂ ሌላው አካሌ እስካሁን ይታዘዘኛል። እህትህ ቤዛዊትም አለች፤ አለች ማለት ከተቻለ።

ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ንዴቴ ልግባ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል፤ ቢሠራም ይህ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በተማርኳት ፊደል እጽፍልሃለሁ። ሹፌሩ ውቤ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ካምፓላ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ባለፈው ክረምት እዚያ ሆነህ በዩቲዩብ ተናገርክ አሉ። ኢንተርኔት የለንም ብዬ ተማምኜ ነበር። ለካ ሰው የሰው ገመና ለማየት ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ንግግርህ በሚሞሪ ተገልብጦ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ዳንግላ ገብቷል። ፀጉር ቤት ውስጥ ተሰብስበው አዩት። «የአባቴ እናት በቀለች የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች፤ እኔም የሸክላ ሠሪ ዘር ነኝ» ትላለህ አሉ፣ ደረትህን ነፍተህ።

ልጄ፣ ሰው ሲሰደድ ልብሱን ይዞ ይወጣል እንጂ የእናቴን ስም ይዞ ይወጣል?

ቤዛዊት ለአቶ ሽባባው ልጅ ለይኸነው መታጨቷን ጽፌልህ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ከሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ አንድም ቦታ ዝምድና ሳይገኝ ቀርቶ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። በእኛ በኩል የቆጠርኩት እኔ ነኝ። «ቤዛዊት፣ አባቷ ትዕዛዙ፣ የአባቷ እናት በቀለች» ብዬ ከእናቴ በላይ ስደርስ «በላይነሽ፣ የጥሊሊ ባላገር» አልኳቸው። እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ ያስጠናችኝ ስም ነው። በላይነሽ የምትባል ሴት ተወልዳ አታውቅም፤ ግን ስንት ጋብቻ አሳልፋልናለች።

ንግግርህ ዳንግላ በገባ በሳምንቱ አቶ ሽባባው ሽማግሌ መልሶ ላከ። አባ ስማቸው ደጅ ቆመው፣ «ከቡዳ ቤት ልጅ አናመጣም ብሏል» አሉኝ። ቤት ይግቡ እንጂ ብላቸው እምቢ፤ ውሃ ላምጣ ብላቸው አልጠማኝም። ባለፈው ወር ከዚሁ ቤት ጠላዬን ሦስት ጣሳ የጠጡ ሰውዬ ናቸው።

አንድ መውጫ ትተውልኛል። ወረቀት ጽፈህ ትልካለህ። «የተናገርኩት የደራሲ ፈጠራ ነው፤ የአያቴ እናት በላይነሽ የምትባል ባላገር ናት» ብለህ ትፈርማለህ። አባ ስማቸው በሽማግሌ ፊት ያነቡታል፤ በዚያው ያበቃል። ደራሲ ያልሆነውን ሆነ ማለት ሥራው አይደለም እንዴ? ለስንቱ የጻፍከውን ለእህትህ አንዴ ጻፍላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያንተ ግን ሁለቱም ታውቋል፤ በቪዲዮው ላይ ግንባርህ ወደ ኋላ ሄዷል አሉ።

ቤዛዊት ሱቅ ውስጥ የቀርቀሃ ወንበር ትደረድራለች። ደንበኛ ሲመጣ ትስቃለች፤ ሲሄድ አትስቅም። መልስህን በውቤ እጅ እጠብቃለሁ።

አክስትህ ዘውድነሽ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እናትም አባትም ለሆኑኝ ለእትዬ ዘውድነሽ፣

ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ፤ በኋላ እንደሚቆጡ ስለማውቅ አስቀድሜ ልሳመው። ጊዮርጊስ ብርዱን ያንሳልዎት።

እኔ ደህና ነኝ። የምሠራው አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው፤ የሠርግ ጥሪ አዘጋጃለሁ። የማላውቃቸውን ወንዶችና ሴቶች ስም ጎን ለጎን ሳስቀምጥ እውላለሁ። የማተሚያው ባለቤት ሥራዬን እንጂ ዘሬን ጠይቆኝ አያውቅም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት የሁለት ሙሽሮችን ስም አቀያይሬ ከሥራ ልባረር ነበር።

እትዬ፣ ወረቀቱን አልጽፍም።

ስንታየሁን ዳንግላ ገበያ ሲደበድቧት እርስዎ አልነበሩም። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ድንች ልገዛ ነው የሄድኩት። የአንድ ነጋዴ ልጅ ወባ ይዞት ነበር፤ «ሸክላ ሠሪዋ በዓይኗ በላችው» ተባለና ሰው ተሰበሰበ። ማሰሮዎቿን አንድ በአንድ ሰበሩ። ማሰሮው ሲያልቅ ክንዷን ሰበሩ። የማስተምራቸው ተማሪዎች አባቶች ናቸው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ በላይዋ ተኛሁባት፤ ዱላው ለሁለታችን ሆነ።

ከሥሬ ሆና ምን አለችኝ መሰለዎት? «ሂድ አንተ ልጅ፣ አላውቅህም።» ዱላው በርትቶ ሳለ ይህንኑ ደጋገመችው። ለእርሷ ብዬ የተደበደብኩላት ሴት አላውቅህም አለችኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ መጽሐፉን ጻፍኩ፤ የመቺዎቹን ስም ከነአባታቸው። የሆነውን ያውቁታል። ቤቴ ተቃጠለ፤ ሕዝብን ከሕዝብ ያጋጫል ተብዬ የተከሰስኩትም እኔ ነኝ። እነርሱ ዛሬም በገበያ ቀን ድንች ይገዛሉ። እኔ ሌሊቱን በእግሬ ወጥቼ፣ ሱዳንን አቋርጬ፣ እዚህ ደረስኩ።

እዚህስ ምን ጠበቀኝ? ያገሬ ልጆች ማኅበር መጀመሪያ የጠየቀኝ ስሜን አይደለም፤ የማን ወገን እንደሆንኩ ነው። ሁላችንም ስደተኛ ነን፤ ከአንድ ቧንቧ ተሰልፈን እንቀዳለን፤ እዚያው ወረፋው ላይ አንዳችን የሌላውን አጥንት እንቆጥራለን። ያን ቀን ማይክ ሰጥተውኝ «ስለ ራስህ ተናገር» ሲሉኝ፣ እናንተ የምትቆጥሩት ዘር ካለ እኔ እናንተ የምትንቁት ነኝ ልላቸው ፈለግሁ፤ አልኳቸውም። እውነት ስለነበረ ደግሞ ቀለለኝ።

ስንታየሁ ቡዳ አይደለችም ብዬ መጽሐፍ ከጻፍኩ በኋላ «እኔ ግን ከእርሷ ወገን አይደለሁም» ብዬ ከፈረምኩ፣ ቤቴን ካቃጠሉት በምን ተለየሁ? ቤዛዊትን ስለ እንባዋ ይቅርታ እለምናታለሁ፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምናታለሁ። ስለ እውነቱ ግን ይቅርታ የለኝም። ሐቅ ተናግሮ ከመሸበት ማደር እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? እኔ የመሸብኝ ካምፓላ ነው።

ልጅዎ ፀጋው


ቆሰበር፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀጋው፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ተረቴን መልሰህ አትላክብኝ፤ እኔ የተረትኩት ለልጅ እንጂ ለእልኸኛ አልነበረም።

ሠርጉ ፈርሷል። ለድግሱ ያበቀልኩት ብቅል ሻግቶ ለአህያ ሰጠሁት። ከትናንት በስቲያ ፈረሰኞቹ ለጊዮርጊስ ሲወጡ ይኸነው እንደ አምናው በደጃችን አላለፈም፤ ቤዛዊት ግን ከጠዋት ጀምራ ነጠላዋን ለብሳ ቆማ ነበር።

አንተ ሐቅህን ተናግረህ ከመሸብህ አደርክ። እኛ የመሸብን እዚሁ ጎረቤት መሐል ነው። ከእንግዲህ መልስ አትጠብቅ።

ዘውድነሽ


ካምፓላ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘውድነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት። ሁለት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም፤ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ከስምዎ ጋር ምርቃትዎን ያልጨመሩበት ደብዳቤ ከእርስዎ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። አጣጥፌ አስቀምጬው እንደገና እየፈታሁ ምርቃቱን ፈለግሁ።

ትናንት የውቤ ስልክ ድንገት ሠራልኝ። ብዙ አላወራንም፤ የነገረኝ ግን በቃኝ። ቤዛዊት ሱቅ መቀመጥ ትታለች አለኝ። ሰው ከእርስዎ ወንበር መግዛት ቀንሷል፤ በእድር ለቅሶም ለብቻዎ እንደሚያስቀምጡዎት ነገረኝ። እኔ እዚህ ማንም በማያውቀኝ ከተማ ጀግና ነኝ። ዱላውን የምትቀበሉልኝ እናንተ ናችሁ። ይህን ሳስብ የጻፍኩት ሁሉ አስጠላኝ።

ስለዚህ የፈለጉትን ጽፌያለሁ፤ ከዚህ ጋር ታጥፎ ያገኙታል። «የተናገርኩት የደራሲ ፈጠራ ነው፤ የአያቴ እናት በላይነሽ የምትባል የጥሊሊ ባላገር ናት» ይላል። ፈርሜበታለሁ። ዱላ ያላስጣለኝን ብዕር የእርስዎ ዝምታ አስጣለኝ፤ ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ስጽፈው እንዳለቀስኩ ግን አልደብቅዎትም።

አባ ስማቸው ያንብቡት። ቤዛዊት ትዳር። ሲያበቃ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ከነምርቃትዎ።

ልጅዎ ፀጋው


ቆሰበር፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀጋው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። የጠላህን ዓይኑን ይያዝልህ፤ የወደደህን ያብዛልህ። ይኸው ምርቃቱን ከነወለዱ ልኬልሃለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ይበቃሃል።

ሁለት ደብዳቤዎችህን አንብቤ ዝም ብያለሁ። ሦስተኛ ልከህ ከሆነ አልደረሰኝም፤ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቷል። ዝም ያልኩህ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን የምናገረው አጥቼ ነው። አሁን የምነግርህ ብዙ ነው፣ ተቀምጠህ አንብበው።

በሁዳዴ መካከል ይኸነው ተደብቆ መጣ። እህትህን «ወንድምሽ ይካድልኝ እንጂ እኔ አባቴን አሳምነዋለሁ፤ ፍቅሬ አልቀነሰም» አላት። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤ እሰይ ልል ነበር። ቤዛዊት ምን አለች መሰለህ? «አያቴን ካላስካደ የማያገባኝ ሰው ነገ ልጄንም ያስክደኛል። ደህና ሁን።» በሩን ራሷ ከፈተችለት። ከዚያ ገብታ ተኛች፤ ሁለት ሳምንት ሱቅ አልወጣችም። እኔም ተናደድኩባት። ያንተን እልህ እርሷም ላይ ሳየው ከማን ወረሱት አልኩ።

ከዚያ የጎረቤታችን እናት አረፈች። እድርተኛ ነኝና ሄድኩ። ከበሩ ሥር ለብቻዬ ወንበር ሰጡኝ። ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ። ውሃ ጠማኝና ጠየቅሁ፤ በአሮጌ የሸክላ ኩባያ አመጡልኝ። ጠጥቼ ስመልስ ልጅቷ ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ ሲሰበር ሰማሁ። እኔ የጠጣሁበትን ነው የሰበሩት። ለቅሶ ቤት ነውና ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ከሰው ቤት ውሃ ጠጥታ አታውቅም ነበር። ጾመኛ ናት እያልን እንኮራባት ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንድ ቀን ይታወቅብኝና ዕቃውን ይሰብሩታል ብላ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ተጠምታ ኖረች! ጓሮ ዞሬ ስባሪውን ሰብስቤ፣ በነጠላዬ ቋጥሬ ወጣሁ። በማግስቱ ስንታየሁ ቤት ሄድኩ።

ከጥሊሊ ወዲህ ከሚኒባስ ወርጄ ወንዙን ተሻገርኩ። ስንታየሁ ደጇ ላይ ማሰሮ ታደርቃለች። ያ የሰበሩት ክንዷ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል፤ ጭቃውን የምትደግፈው በክርኗ ነው። አየችኝና «መጣሽ?» አለችኝ፤ እንደ ቀጠረችኝ ሰው። ቅቅል ድንች በአዋዜ አቅርባ፣ «ትበያለሽ ወይስ እንደመጣሽ ታዪኛለሽ?» አለች። በላሁ። እንደ ማንም ቤት ድንች ነበር ፀጋው፤ ጨው ብቻ አንሶታል።

የቋጠርኩትን ስባሪ ፊቷ ፈታሁት። አየችው፤ «የኛ ሥራ ነው» ብላ አንዱን አነሳች። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«አያታችን ምህረቴ ትባላለች። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ወልዳለች። ወንዱ የኔ አባት ነው። ሁለቱ ሴቶች ወጡ» አለች። ወጡ የሚሉት ለባላገር ተድረው ስማቸውን የደበቁትን ነው። «የወጣችን ገበያ ላይ ብናያት ሰላም አንላትም። ሰላም ካልናት ትታወቃለች፤ ከታወቀች ትፈታለች። እናንተ ትረሱናላችሁ እንጂ እኛ እያንዳንድሽን ቆጥረን እናውቃለን። ቤትሽን እንዳናፈርስብሽ ነው ዝም የምንል።»

«አንዷ እናቴ በቀለች ናት» አልኳት።

«አንዷ በቀለች። ሁለተኛዋ እህተማርያም።»

«የትኛዋ እህተማርያም?»

«የሽባባው እናት ናታ!» አለችኝ።

ድንቹ እጄ ላይ ቀረ። ልጅ ሆኜ እናቴ በገበያ ቀን ዳንግላ ትወስደኝ ነበር። ከእህል ተራው ጫፍ አንዲት ሴት ወንድ ልጅ ይዛ ትቆማለች። እናቴ አጠገቧ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም። እናቴ እጇን ወደ ኋላ ልካ ለልጁ አንድ እፍኝ ቆሎ ትሰጠዋለች። ከዚያ እንሄዳለን። ቆሎውን ለኔ ሳትሰጥ ለሰው ልጅ መስጠቷ ያናድደኝ ነበር። እህትማማቾች ነበሩ ፀጋው። ትዳራቸውን ላለማጣት ጀርባ ለጀርባ ቆመው ይጠያየቁ ነበር።

ስለ አንተም ጠየቅኋት። «እላዬ ላይ ሲተኛ ፊቱን ሳይ የበቀለች የልጅ ልጅ መሆኑን አወቅሁ» አለች። «አላውቅህም ያልኩት ወገኔ ነው ብለው እንዳይጨርሱት ነው። ምን ላርግ? ሌላ የምከላከልለት ምን አለኝ?» ይኸውልህ፤ ሦስት ዓመት ያልገባህ ነገር ይህ ነው።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የእኛ በቅሎዎች ሁለት ሆነው ተገኙ። እኛ በላይነሽ የምትባል ፈጠርን፤ እነርሱም ለእናታቸው እናት ሌላ ስም ፈጥረዋል። ውሸት ከውሸት ጋር ተቆጥሮ ዝምድና የለም ተባለ። እውነቱን ብንቆጥር ኖሮ እኔና ሽባባው የእህትማማች ልጆች፣ ቤዛዊትና ይኸነውም የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸው በመጀመሪያው ቀን ይገኝ ነበር። ሳናውቅ ልናጋባቸው ነበር።

ለቤዛዊት ነገርኳት። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበችና «ቡዳ ብለው የሰደቡኝ አጎቴ ናቸዋ» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደ፤ አብረን አለቀስን። ሰው የሚያፈቅረውን ሁለት ጊዜ ሲያጣ ማየት ከባድ ነው። በማግስቱ ግን ሱቁን ራሷ ከፈተች።

ለግንቦት ልደታ ማግስት የእጮኝነቱን ዕቃ ለመመላለስ ሽማግሌ ዳንግላ ሽባባው ቤት ይቀመጣል። ተጠርቻለሁ። እሄዳለሁ፤ ብቻዬን ግን አልሄድም።

አክስትህ ዘውድነሽ


ቆሰበር፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀጋው፣

በያለህበት ቀና ብለህ ሂድ፤ የረገጥከው ይለምልም።

ይህን የምጽፍልህ በራስህ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ብትገለብጠው «የተናገርኩት የደራሲ ፈጠራ ነው» የሚለውን ከነፊርማህ ታገኘዋለህ። ወረቀትም ተወዷል፤ ደግሞ ባዶ ጀርባ ማባከን አልወድም።

የደረሰኝ በልደታ ዕለት ነው፤ ሽማግሌ ፊት ልቀርብ አንድ ቀን ሲቀረኝ። ቤዛዊት ጮክ ብላ አነበበችው። ልደብቅህ አልችልም፣ ልቤ ሸፈተ። ጋብቻው ቢቀርም ስማችን ይመለስልናል፤ እድሩ ወንበሬን ይመልስልኛል፤ ማንም የጠጣሁበትን አይሰብርም። ስንታየሁ እንደሆነች ዝም ማለት ታውቅበታለች። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ወረቀቱን ጡቴ ሥር አድርጌ አደርኩ፤ ቤዛዊትም አታድርጊው አላለችኝ፣ አድርጊውም አላለችኝ።

ጠዋት ስንታየሁን ዳንግላ መናኸሪያ አገኘኋት። ጋሪ ጠራሁ። ባለጋሪው እኔን አሳፍሮ እርሷን ሲያይ «እሷን አልጭንም፤ ፈረሴ ይታመምብኛል» አለ። ወረድኩ። በዋናው መንገድ በእግራችን ሄድን፤ ደካማ ጉልበቴ ስላስቸገረኝ በደህናው ክንዷ ደገፈችኝ። ያን ቀን የመቷትን ሰዎች ሱቅ ለሱቅ አልፈናቸው ሄድን። አንዱ ተነስቶ ቆመ፤ ስሙን ከመጽሐፍህ አውቀዋለሁ። በስሙ ጠርቼ «እንደምን አደርክ» አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሽባባው ግቢ ስንደርስ ስንታየሁን ከበር አላሳልፍም አሉ። በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ገባሁ። አባ ስማቸው ጸሎት አድርሰው «የልጁ ወረቀት መጣ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መጥቷል» አልኩ፤ አውጥቼ አሳየኋቸው።

ግቢው ሁሉ ተነፈሰ። ሽባባው ሳይቀር ፊቱ ፈታ አለ፤ ሰውዬው የልጁ ኀዘን ሳይገባው አልቀረም። አባ ስማቸው እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ሳይ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ቆሎ የዘረጋችበት እጅ ትዝ አለኝ።

«አያነቡትም» አልኳቸው። «ወረቀቱ ሐሰት ነው፤ ልጄን ሐሰት ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለፈው የቆጠርኩትም ሐሰት ነበር። እንደገና እቆጥራለሁ።»

ተነስቼ ቆሜ ቆጠርኩ። ቤዛዊት፣ ትዕዛዙ፣ በቀለች፣ ምህረቴ። ምህረቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከወንዙ ማዶ። ከዚያ ወደ ሽባባው ዞሬ ቀጠልኩ። ይኸነው፣ ሽባባው፣ እህተማርያም፣ ምህረቴ። ያችው ምህረቴ። «የእናትህ የወንድሟ ልጅ ስንታየሁ በርህ ላይ ቆማለች፤ ብትጠይቃት ትነግርሃለች» አልኩት።

ሽባባው «ይችን አሮጊት አስወጡልኝ፤ እናቴን ልትሰድብ ነው የመጣችው!» ብሎ ጮኸ። ስንታየሁ ከበሩ ሆና ድምፅዋን ሳታሰማ አለቀሰች። አባ ስማቸው የዘረጉትን እጅ ሰብስበው መቋሚያቸውን ያዙ። «ቡዳ ሁላችንንም አዞረብን» ያለም ነበር። ወጣሁ። እውነት ስትናገር ሰው የሚያጨበጭብልህ ካምፓላ ነው መሰለኝ። ዳንግላ ግን ከኋላችን ድንጋይ ነው የወረወሩብን፤ አንዱ ትከሻዬን አግኝቶኛል። ዞሬ አላየሁም፤ የስንታየሁን ክንድ ይዤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ በራችን ተንኳኳ። ሽባባው ነው፤ ብቻውን፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ። ግባ አልኩት፤ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«ገበያ ላይ ቆሎ የምትሰጠኝ ሴትዮ ነበረች» አለ። «ፊቷን አይቼው አላውቅም። እጇን ብቻ ነው የማውቀው።»

«እናቴ ናት። አክስትህ» አልኩት።

«እናቴ ከዚያ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ታለቅስ ነበር። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ትለኝ ነበር» አለ። ስንታየሁ በሠራችው ኩባያ ጠላ ቀዳሁለት። «ከማን እጅ እንደወጣ ታውቃለህ» አልኩት። ኩባያውን አየው፤ እኔን አየኝ። ጠጣው። ሲጨርስ ተቀብዬ አጥቤ መደርደሪያው ላይ መለስኩት፤ እያየኝ ነበር።

በአደባባይ ይደግመው እንደሆነ አላውቅም። እድሩ ወንበሬን አልመለሰልኝም፤ እኔም ውሃ አልጠይቃቸውም። ስንታየሁ ግን ከእንግዲህ ገበያ ስንገናኝ በስሜ ትጠራኛለች፤ እኔም በስሟ እጠራታለሁ፤ ጮክ ብለን ነው ሰላም የምንባባል። ቤዛዊት ሱቁ ውስጥ ከቀርቀሃው ወንበር ጎን የስንታየሁን ማሰሮ ደርድራ ትሸጣለች። የሚገዛም የሚተፋም አለ። ለሚተፋው «የዘመዴን ሥራ ነው የምሸጠው፤ ካልገዛህ እለፍ» ትለዋለች።

አንተ ገና እንዳትመጣ። የመቱህ አሉ፤ ክስህም አለ። ግን ለኔ ብለህ እጅህን የሰጠህበትን ይህን ወረቀት መልሼልሃለሁ፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከብዕርህ እንዳይወጣ። ሐሰት ጻፍ ያልኩህ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ የማዝህን ስማ። ይህን ሁሉ ጻፈው። የሽባባውንም ጻፍ፣ ቆሎውንም፣ የተሰበረውን ኩባያም። ስሜን አትቀይር። አንዲት አሮጊት ብለህ አታድበስብሰኝ፤ ፀጉር ቤት ተሰብስበው ሲያዩት ማን እንዳለው ይወቁ። ስትቆጥር ከምህረቴ ጀምር።

ዘውድነሽ፣ የበቀለች ልጅ፣ የሸክላ ሠሪዋ የምህረቴ የልጅ ልጅ